ማራገቢያ የሌላት ሣጥን

«እማ፣ አንቺስ ምን ማየት ነው የምትፈልጊው?»

ማርያማዊት ይህን ስትጠይቅ እናቷ ጥሩሸዋ መደቡ ላይ ተቀምጣ የበግ ፀጉር ትፈትል ነበር። እንዝርቱ እጇ ላይ ቆመ። ምን እንብላ፣ ማን ታመመ፣ በጎቹ የት ዋሉ ተብላ ተጠይቃ ታውቃለች፤ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ ያላት ሰው ግን ከዚያን ቀን በፊት አልነበረም።

«እኔ ምኑን አውቄው!» አለች እየሳቀች። «አባትሽ የሚያየውን አያለሁ።»

«እሱማ መልስ አይደለም። የሚታየው ሳይታወቅ ዕቃው አይመረጥም። አባባ ጉግስና መዝሙር ብለዋል። ጎረቤታችን እትዬ ኮከቤ እንኳ ፊልም ብለዋል፤ ያውም የሚያስለቅስ። አንቺስ?»

«ቆይ፣ አስቤ እነግርሻለሁ።»

እንዝርቷን መልሳ አሾረች። ልጅቱም ጊዜ አለ ብላ ተወቻት።

ቤታቸው መሐል ሜዳ ነው፣ ከገበያው ወደ ጓሳ በሚያወጣው መንገድ ዳር። የቤቱ አባወራ ጫኔ የባና ሸማኔ ነበር። ሚስቱ የፈተለችውን እሱ እየሠራ፣ ያ ወፍራም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ከዘመሮ ድረስ ገዢ ያስመጣለት ነበር። አምና ደም ግፊት ጣለውና ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለው። አንደበቱ ተመለሰለት፤ ጭንቅላቱ ግን እዝ የሚል ድምፅ አልችል አለ። አንዲት ዝንብ ቤት ውስጥ ከገባች ዓይኑን ጨፍኖ ይቃትታል። እንዲህ ሆኖ አልጋው ላይ ግድግዳ ሲያይ መዋሉ የልጁን አንጀት በላው።

ማርያማዊት ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ተምራ ተመልሳ፣ ገበያው ጥግ ካለ የጥገና ሱቅ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ከደመወዟ አጠራቅማ ያገለገለ ሰፊ ቴሌቪዥን ገዛች። ኔትወርኩ አንድ ሰሞን ኖሮ አንድ ሰሞን ስለሚጠፋ፣ ፊልሙም መዝሙሩም እቤት ተቀምጦ የሚታይበት አንድ ኮምፒውተር ከቴሌቪዥኑ ሥር ላስቀምጥላችሁ አለች።

«ከመሄዴ በፊት ሠርቼላችሁ ነው የምሄደው።»

ከመሄዴ በፊት ያለችው ነገር ጥሩሸዋ ልብ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር የሚሸጥ ናሲር የሚባል ነጋዴ አለ። ማርያማዊት ተማሪ ሳለች እሱ ዘንድ ለልምምድ ሠርታ ነበርና እጇን ወዶት፣ «ገና ይለፍና ነይ፤ የጥገናውን ክፍል ላንቺ ነው የምሰጥሽ» ብሏታል። ጠዋት ሚኒባስ የያዘ ሰው ከሰዓት ደብረ ብርሃን ነው። ሌላ እናት ብትሆን እልል ትል ነበር። ከጥሩሸዋ ግን የበኩር ልጇን ይታየውን የወሰደባት ያው መንገድ ነው። ለአንድ ወር የቀን ሥራ ብሎ ደብረ ብርሃን ወረደ፤ ቀጥሎ ከመተማ ደወለ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» እንዳለ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚኒባስ ጥሩንባ በሰማች ቁጥር ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ትስባለች።

መጀመሪያ ማርያማዊት ከሱቋ አንድ ከቢሮ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር አምጥታ ቡፌው ላይ አስቀመጠችና አስነሳችው። ቤቱ ተንቀጠቀጠ።

«ይኼ ቴሌቪዥን ነው ወይስ ወፍጮ?» አለ ጫኔ፣ በደህና እጁ ጆሮውን ይዞ።

ኮከቤ በሩ ላይ ነበረች። ከዚህ ቤት የማትጠፋ፣ ነገር የማያልፋት ሴት ናት። «ካስነሣችሁት አይቀር ገብሴን ላምጣ እንዴ!» አለች። ጫኔ ሕመሙን ረስቶ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ማርያማዊት ዕቃ መምረጥ ጀመረች። መሬት ላይ ባና አንጥፋ፣ ካቻቢቴዋን በጥርሷ ነክሳ ተቀምጣ ታስረዳቸዋለች። የሚሽከረከረው ዲስክ ይቅር፤ በሱ ምትክ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የሌለው ይገባል። ፕሮሰሰሩ ብዙ መብራት የማይበላው ይሁን፤ ብዙ የሚበላ ብዙ ይግላል፤ የጋለውን ለማብረድ ማራገቢያው ይጮኻል።

«ግራፊክስ ካርድ የሚባለው ለጌም ነው። እዚህ ቤት ጌም የሚጫወት አለ?»

«እኔ እጫወታለሁ» አለች ኮከቤ።

«እትዬ፣ እርስዎ በሰው ነው የሚጫወቱት፤ ካርድ አያስፈልግዎትም።»

ጥሩሸዋ ነገሩ ሁሉ ባይገባትም ማዳመጡን ወደደችው። ከሰዓት ከሰዓት ቀበሌው በከፈተው የጎልማሶች ትምህርት ፊደል እየቆጠረች ነበርና፣ መምህሯ እንኳ እንደዚህች ልጅ አጥርቶ አያስረዳም እያለች በልቧ ትኮራለች። «ትንሿ ማራገቢያ ናት እንደ ቡችላ የምትጮኸው፤ ትልቁ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ድምፁ አይሰማም» ስትባል፣ ለጎረቤት ሁሉ ይህንኑ ደግማ አወራች።

ናሲር ዕቃውን እያሸገ፣ የሚኒባሱ ሹፌር ባድሩ ከወንበሩ ሥር አድርጎ እያመጣ፣ የኮምፒውተሯ ባዶ ሣጥን ተሞላች። ስትነሣ ድምጿ እምብዛም አልነበረም፤ የቡፌው እንጨት ብቻ ከሥሯ እየተንቀጠቀጠ እም... ይላል። ማርያማዊት ከእናቷ አንዲት የባና ቁራጭ ለምና አጠፈችና ከሣጥኗ ሥር ጎዘጎዘችው። እምታው ጠፋ።

«አየሽ እማ፤ ባናው ነው ዝም ያሰኛት!»

ያን ቀን ጫኔ ጉግስ አየ። ፈረሶቹ ሲጋልቡ ደህና እጁ ልጓም እንደያዘ ሁሉ ይንቀሳቀስ ነበር።

ገና ሲቃረብ ውርጭ ወረደ። በር ላይ የተተወ ውኃ ጠዋት ጠዋት በረዶ ይሠራል። በዚህ አገር የሚበርደው ነገር ሁሉ ባና ይለብሳል፤ አዲስ የተወለደ ግልገልም፣ ቡሆ ዕቃውም፣ በሽተኛውም። አንድ ማለዳ ማርያማዊት ሥራ ሄዳ፣ ጫኔ መዝሙር ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶት፣ ጥሩሸዋ ወደ ሣጥኗ ሄዳ ዳሰሰቻት። ብረቷ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ከሥሯ የተነጠፈላት ቁራጭ እንኳ ያን ያህል ከጠቀማት ብላ፣ ጫኔ ከመታመሙ በፊት የሠራውን የመጨረሻ ባና ከቁምሣጥን አውጥታ ሁለት እጥፍ አድርጋ አለበሰቻት። ዳርና ዳሩንም ንፋስ እንዳይገባ ጠቀጠቀችው። ከዚያ የምትፈጨው ነበራትና ወፍጮ ቤት ወረደች።

ስትመለስ ቤቱ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ቴሌቪዥኑ ጠቁሯል። ማርያማዊት ተጠርታ መጣች፤ ባናውን ገልጣ፣ ሣጥኗን ከፍታ፣ ለረጅም ጊዜ አየች።

«ምን ሆነች?»

«ታፈነች እማ። ማዘርቦርዱ ሄዷል። ለሷ ብርድ ነው የሚስማማት።»

«የበረዳት መስሎኝ!» ጥሩሸዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። «እኔ ምኑን አውቄ፣ የበረዳት መስሎኝ!»

ልጅቱ ልትቆጣ ነበር፤ የእናቷን ፊት ስታይ ግን ሳቋ አመለጣት። አቅፋት፣ «የመንዝ ሰው ከሰል እሳትንም ባና ሳያለብስ አይቀርም» አለቻት። ከዚያ ወደ ውጭ ወጥታ ደወለች። ጥሩሸዋ ከበሩ ኋላ ትሰማለች።

«ጋሽ ናሲር፣ ትንሽ ቀን ይጨምሩልኝ። ቦርዱ ተቃጥሎብኛል፤ ደግሞ መንገዱ ሰሞኑን ዝግ ነው። አባቴን እንዲህ ትቼ አልመጣም... እግዜር ይስጥልኝ።»

ጥሩሸዋ እንባዋን ሳትጠርግ ቆማ ቀረች። ጥፋት አጥፍታ ነበር፤ ጥፋቷ ግን ልጇን አስቀረላት። ይህን ነገር ያን ቀን ተማረችው።

ገና አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ። መንገዱ ሲከፈት ባድሩ አዲሱን ቦርድ አመጣ። ማርያማዊት ገጠመችው፤ ሣጥኗን አስነሥታ፣ ሁሉንም ጸጥ በሉ አለች።

«አሁንስ እማ? ይሰማል?»

ምንም አይሰማም ነበር። ከውጭ በግ ይጮኻል፤ ከሣጥኗ ግን የሚወጣ ድምፅ የለም።

«ይሰማኛል» አለች ጥሩሸዋ። «በጣም ቀጭን ነው። እዝ... ይላል።»

«አባባ፣ ለእርስዎስ?»

ጫኔ ሚስቱን አያት። ሠላሳ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ነው፤ ዓይኗ የሚለምነውን ያውቃል።

«እኔ እንኳ... ከእናትሽ ጆሮ አልበልጥም» አለ፣ ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ።

ማርያማዊት ማራገቢያውን ቀየረች። ይሰማኛል አለች እናቷ። የመብራት ማስገቢያውን ፓወር አወጣችና የተሻለ አዘዘች፤ እሱም እስኪመጣ ሳምንት፣ መጥቶም ይሰማኛል። ልጅቱ ጥፋቱን ከራሷ ፈለገች። ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጥፋ ትተኛለች፤ አንዳንዴ ስልኳን አስጠግታ ድምፅ ቀድታ ደጋግማ ታዳምጣለች። ጥሩሸዋ ይህን ታያለች። ነገ እነግራታለሁ ትላለች። ነገ ሲመጣ ልጅቱ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ካቻቢቴዋን ነክሳ፣ ከሣጥኗ አቧራ በአፏ እፍ ስትል ታያትና፣ ዛሬን ብቻ ትላለች።

ኮከቤ አንድ ቀን በር ላይ አስቁማት፣ «አንቺ ሴት» አለቻት፣ «ጆሮሽ እንዲህ ከሰላ የኔን ዶሮ የሚበላው ሸለምጥማጥ ሲመጣ ንገሪኝ እንጂ!» ሳቀች። ሳቋ ግን ነገር ነበረው።

ዓቢይ ጾም ሲገባ ናሲር ራሱ ደወለ። ማርያማዊት ስልኳን ይዛ ከጓዳ ስትወጣ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ለሌላ ልጅ ሰጥተውታል። በጣም ጠበቅሁሽ፣ ከዚህ በላይ ሱቄን ዘግቼ መቀመጥ አልቻልኩም አሉኝ። እውነታቸውን ነው።»

«ተይው የኔ እናት» አለች ጥሩሸዋ። «እዚሁ ሥራሽ አለ አይደለም?»

«የቱ ሥራ? የሱቁ ሰዎች እሄዳለሁ ብዬ ስነግራቸው በቦታዬ ሰው ቀጥረዋል እኮ።»

ጥሩሸዋ ይህን አላወቀችም ነበር። ቢሆንም ልቧ ውስጥ ደስታ ብልጭ አለ፤ ቀረችልኝ አለች። ወዲያው ደስ በማለቷ ፈራችና አማተበች።

ከዚያ በኋላ የማርያማዊት መዋያ ጠፋ። ጠዋት ወጥታ ከሰዓት ትመለሳለች፤ የት ዋልሽ ስትባል ጉዳይ ነበረኝ ትላለች። አንዴ ከኮከቤ ጋር አጥሩ ሥር ሲንሾካሾኩ ጥሩሸዋ አየቻቸው። የኮከቤ ልጅ ዐረብ አገር፣ ሪያድ ከተማ ናት። ጥሩሸዋ ግን ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ማሰብ አልፈለገችም።

ለፋሲካ ጥቂት ሲቀር ባድሩ የመጨረሻውን ዕቃ አመጣ። እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጥርስ ያለው ከባድ የአሉሚኒየም ጉማጅ ነው።

«ማራገቢያ የሚባል ነገር ከእንግዲህ የለም» አለች ማርያማዊት። «ሙቀቱ በዚህ ክንፍ ወጥቶ ይበተናል። አዲስ አበባ ቢሆን ያሰጋ ነበር፤ እዚህ ግን የመሐል ሜዳ ብርድ ራሱ ያቀዘቅዛታል። ባና ብቻ አታልብሷት።»

ገጥማ ስትጨርስ ሣጥኗን ቡፌው ላይ አስቀምጣ ከኋላዋ ጎንበስ አለች። ጫኔ ትራሱን ተደግፎ ነበር፤ ጥሩሸዋ መደቡ ላይ።

«እሺ እማ። አሁንስ?»

ጥሩሸዋ አንገቷን ዘንበል አደረገች፤ የምታዳምጥ መሰለች። «ትንሽ... አዎን፣ ይሰማኛል። ያው እዝታው ነው።»

ማርያማዊት ቀና አለች። እጇ ላይ የሣጥኗ ገመድ ነበር፤ ሶኬቱ ከጫፉ ተንጠልጥሏል። ገና አልተሰካም።

ጫኔ ዓይኑን ጨፈነ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ።

ጥሩሸዋ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። «ከጥምቀት» አለች።

«እኔኮ አበድኩ ብዬ ነበር። የማልሰማው ለምንድን ነው ብዬ ጆሮዬን ልታከም ነበር እኮ፣ እማ!»

«ትሄጂብኛለሽ ብዬ ነው። ወንድምሽም ደብረ ብርሃን ብሎ ነው የወጣው።»

«እና ቅሪ አትዪኝም?»

«ቅሪ ብልሽ ትቀሪ ነበር?»

ማርያማዊት መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ሶኬቱን እያገላበጠች አየችው። «እንጃ። ምናልባት አልቀርም ነበር። ግን ደብረ ብርሃን ሆኜ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ባድሩ ጋ ተሳፍሬ ስመጣ ታዪኝ ነበር።»

«አሁንስ? አሁን ሌላ ሥራ...»

«አሁን ፓስፖርቴ ወጥቷል። የኤጀንሲው ወረቀት አልቋል። ከፋሲካ በኋላ ሪያድ ነኝ።»

ጥሩሸዋ መጀመሪያ የመጣላትን ጠየቀች። «እዚያም ኮምፒውተር ነው የምትሠሪው?»

«ቤት ነው እማ። የሰው ቤት ነው የምሠራው።»

ጫኔ ያን ጊዜ አለቀሰ። በደከመው ጎኑ በኩል የወረደውን እንባ ልጁ ተነሥታ ጠረገችለት። «አንቱም እኮ ያውቁ ነበር» አለችው። አነጋገሯ ቁጣ አልነበረበትም፤ ለዚህም ነው ጥሩሸዋ የባሰባት። «ቅሪ!» አለች ያን ጊዜ፣ ከመደቡ ወርዳ የልጇን ጉልበት ይዛ። «ቅሪ በቃ፣ ቅሪልኝ!» ማርያማዊት እናቷን አነሣቻት፣ አቀፈቻት፣ ብዙ ጊዜ አቅፋት ቆየች። እሺ ግን አላለቻትም።

የመጨረሻውን ሰሞን ልጅቱ እናቷን ሣጥኗን መክፈትና መዝጋት ስታለማምዳት ሰነበተች። ቴሌቪዥኑ ላይ ቢጫ ቢጫ ማኅደሮች ይመጣሉ፤ ከሥራቸው ስም ተጽፏል።

«አንብቢያቸው» አለቻት።

ጥሩሸዋ ጣቷን እያስከተለች አነበበች። «የ... አባባ። የ... እትዬ... ኮከቤ። የ... እማ።» ደነገጠች። ስሟን ሳይሆን ልጇ የምትጠራበትን ቃል ተጽፎ ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ጎበዝ! ክፈቺዋ።»

ከፈተቻት። ውስጧ ነጭ ነው፤ ምንም የለም።

«ምን ማየት እንደምትፈልጊ አልነገርሽኝማ» አለች ማርያማዊት። «ንገሪኝና ልሙላልሽ፤ ገና ጥቂት ቀን አለኝ።»

ያን ጊዜም ልትነግራት አልቻለችም። መልሱ መጥቶላት ነበር፤ ካወጣችው ግን እንደገና የልጇን ጉልበት ይዛ የምትጮኽ መሰላት። «ያልሽውን አድርጊልኝ» አለች። ማርያማዊት የእመቤታችንን መዝሙር ሞላችላት። ጥሩ መዝሙር ነው።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ባድሩ ሚኒባሱን ከበራቸው ድረስ አምጥቶ አቆመ። ጥሩንባ አልነፋም፤ ኮከቤ እንዳይነፋ ነግራው ነበር። ማርያማዊት የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ እናቷን አቅፋ አንገቷ ሥር ፊቷን ቀበረች፤ ከዚያ ወደ ቡፌው ሄዳ የሣጥኗን ክንፍ በመዳፏ ዳሰሰች። «ደህና ነች፤ አልጋለችም» አለች፤ ወጣችም።

ክረምቱ ገባ። ጫኔ ጉግሱን ያያል፤ ኮከቤ ፊልሟን እያየች ታለቅሳለች፤ ከፊልሙ በፊትም ማልቀስ ጀምራለች፣ «እኔ ነኝ ያስላክኋት» እያለች። ማርያማዊት አሠሪዎቿ ሲፈቅዱላት ትደውላለች፤ ድምጿ አጭር ነው፤ ከኋላዋ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ሣጥኗ እንዴት ናት ትላለች። ድምፅ የላትም ይሏታል።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት ጥሩሸዋ ከትምህርቷ መጥታ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች። «የእማ» የሚለውን ከፈተችና መዝሙሩን ሳታስነሣ ዝም ብላ አየችው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱን አሁን አጥርታ ታውቀዋለች፤ ፊደሉንም አታጣውም። ልጇን ነበር ማየት የፈለገችው፤ መሬት ላይ ባና አንጥፋ፣ ካቻቢቴዋን በጥርሷ ነክሳ፣ የዚህችን ሣጥን አቧራ እፍ ስትል። ያን ሁሉ ወር ፊቷ ተቀምጣ ነበር፤ በስልክ እንኳ የቀረጻት ሰው የለም።

ጫኔ ከአልጋው፣ «ጥሩዬ፣ በርቷል እንዴ?» አላት።

«በርቷል።»

«አይሰማም።»

«አዎን» አለች። «አይሰማም።»

ይታየው እንደወጣ አልተመለሰም። ማርያማዊት ሪያድ ናት። መሐል ሜዳ የቀሩት ጫኔና ጥሩሸዋ ናቸው።